ከቦዩ በታች ያለው ማሳ

ከጅጋ ማዶ፥ ጃቢ ጠህናን
ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትሕትና ባንተአምላክ፥ ሀሮማያ።

ልጄ ትሕትና፥ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ፥ ትምህርትሽ፥ የዚያ አገር ምግብና አየሩ እንዴት ይዞሻል? እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደኅና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች እንጂ ሥራ አላቆመችም። ቦራው በሬ አርጅቷል፤ ዘንድሮ እንደምንም አርሶልኛል፥ ለከርሞ ግን የሚጠመድ አይመስለኝም። ስንዴው ተወቅቶ ገብቷል። ጤፉ ገና አልታጨደም። ኔትወርክ ሲያሻው ይመጣል፥ ሲያሻው ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት በጎረቤታችን በሰብለ ልጅ በእንቁ እጅ ልኬልሻለሁ። ነገ ከፍኖተ ሰላም ተሳፍራ አዲስ አበባ ትገባለች፤ ከዚያ በፖስታ ትልክልሻለች።

የምጽፍልሽ ስለ ታችኛው ማሳችን ነው። ስለዚያ ማሳ በስልክ የነገርሁሽ ነገር ሐሰት ነበረበት። ሐሰቱ የቱ እንደሆነ እንዲገባሽ፥ የምታውቂውንም ጭምር ከሥሩ እጽፈዋለሁ። አንዱን ጥዬ አንዱን ካነሣሁ እንደለመድሁት ወደ ራሴ አደላለሁ።

ማሳው ከወንድሜ ከገነነ ግቢ በታች ነው። ገነነ ቤቱን ከኋላ የሚመታው ጎርፍ ቢያስቸግረው፥ ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት ቦይ ቆፈረ። ቦዩ የክረምቱን ውሃ ከግቢው አሳልፎ በእኔ ማሳ ላይ ይለቀዋል። በሁለተኛው ዓመት ስንዴዬ ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ከጉልበት በታች ቀረ። «ወንድሜ የመሬቴን ስብ በጎርፍ አጠበው» አልሁ። እርሱም «መሬትህ ቀድሞም ታሞ ነበር፥ አላየኸውም እንጂ» አለ። ከዚያ ወዲያ ነገር ነገርን ወለደ። የማርያምን ማኅበር አብረን እንጠጣ ነበር፤ እርሱ ባለበት አልጠጣም ብዬ ወጣሁ። አንቺንም «ቤቱን እንዳትረግጪ» አልሁሽ። ፊደል ያስቆጠረሽ እርሱ እንደሆነ እያወቅሁ ነው ያልሁሽ።

በ2015 ግንቦት፥ ወደ ሀሮማያ ልትሄጂ ሳምንት ሲቀርሽ፥ ገመድና ችካል ይዘሽ ማሳው ላይ ወረድሽ። እኔም ምን ልታደርጊ እንደሆነ ለማየት ተከተልሁሽ።

«አባዬ፥ ይህ መሬት ለምን ታመመ ይላሉ?» አልሽኝ።

«የአጎትሽ ውሃ ነዋ።»

«እንግዲያው እንጠይቀው።»

«ገነነን? አላናግረውም።»

«አጎቴን አይደለም፤ ማሳውን።»

እኔ ሳቅሁ፤ አንቺ ግን አልሳቅሽም። ገመዱን እየዘረጋሽ አስረዳሽኝ። ማሳ አንደበት የለውም፥ የሚመልሰው በሰብሉ ነው አልሽ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠየቀው፤ ሁለት ነገር አብረን ከለወጥንበት የትኛውን እንደመለሰልን አናውቅም። ርዝመትና ስፋቱ አሥር አሥር እርምጃ የሆነ ሁለት መደብ ለካሽ። አንዱ ላይ ውሃው እንደወትሮው ይለቀቃል፤ በሌላው ዙሪያ ክትር ተሠርቶ ውሃው ይከለከላል። ዘሩ ከአንድ ጆንያ፥ ማዳበሪያው በአንድ ጣሳ፥ እርሻው እኩል፥ የሚዘራበትና የሚታረምበት ቀን አንድ ይሁን አልሽ።

«የምንለውጠው ውሃውን ብቻ ነው» አልሽኝ። «እርሱ ነጻ ተለዋዋጭ ይባላል። እኛ በእጃችን እንለውጠዋለን እንጂ ሌላውን ተከትሎ አይለወጥም። ምርቱ ግን ጥገኛ ነው፤ በእርሱ ምክንያት ከፍም ዝቅም ይላል።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ሁሉ ባለበት ይቆማል። አስቸጋሪው እርሱ ነው፥ አባዬ። መለወጥ ቀላል ነው፤ ሌላውን ሳይነኩ መተው ነው የሚከብደው።»

ይህን ብለሽኝ ሄድሽ። እኔም ያልሽውን ሠራሁ። ክትሩን በሁለት ቀን አቆምሁ። ዘሩንም ማዳበሪያውንም እንዳልሽው ለካሁ። አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

ከቤታችን ጓሮ ወደ ማሳው የሚወርደው መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃ እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ክትሩ ከተሠራ በኋላ ጀርባው ደረቅ መንገድ ሆነ። እናትሽም የምድጃዋን አመድ በአጥር ሥር መድፋቷን ትታ፥ በክትሩ ላይ እየሄደች ውሃ በተከለከለው መደብ ላይ ትደፋው ጀመር። በዚያ ዓመት የአያትሽን ተዝካር ስላወጣን ከቤታችን እሳት አልጠፋም፤ አመዱም ብዙ ነበር። ከመዝራታችን በፊትም ደፋች፥ ከዘራንም በኋላ በዳር በዳሩ ደፋች።

አየኋት። ከአንድም ሦስት አራት ጊዜ አየኋትና ዝም አልሁ። «አመድ ምን ያመጣል ብዬ ነው» ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን አመድ የተደፋበት ጓሮ ጎመኑ እንደሚያምር የማያውቅ ገበሬ የለም። ያመጣል ብዬ ነው ዝም ያልሁት።

በኅዳር 2016 አጨድሁ። ውሃ የተከለከለው መደብ ሃያ አራት ኪሎ፥ ውሃ የገባበት አሥራ አንድ ኪሎ ሰጠ። ያን ዕለት ወዲያው ፍኖተ ሰላም ሄጄ ደወልሁልሽ። የጠየቅሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ከውሃው በቀር የተለየ ነገር አለ? ፍግ፥ አመድ፥ አረም?»

«ምንም የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ምን ነካሽ፥ እርሻ ላይ ነው ያረጀሁት እኮ።»

«እንግዲያው ለከርሞ ይድገሙት። አንድ ዓመት አንድ ምስክር ነው፥ በአንድ ምስክር አይፈረድም። እስከዚያ ለአጎቴ ምንም አይንገሩት።»

«እሺ» አልሁሽ። በአንድ ስልክ ሁለት ጊዜ ዋሸሁሽ ማለት ነው።

በጥር ሽማግሌ ሰበሰብሁ። ቄስ ገብረ ሕይወት በመካከል ተቀመጡ። ሁለቱን ጆንያ ከቤተ ክርስቲያኑ ዐውደ ምሕረት በታች ካለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥሁ፤ አንዱ ሙሉ፥ አንዱ ጎደሎ። «ልጄ የተማረች ናት፤ ይህ በሳይንስ የተፈተነ ነው» ብዬ ተናገርሁ። ያንቺን ስም ነው የጠራሁት፤ የሚለወጠው ውሃው ብቻ ነው ያልሽኝንም ተናገርሁ። ገነነ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ተነሣ።

«ትሕትና ናት ይህን ያለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እርሷ ናት።»

«እርሷ ካለች እደፍነዋለሁ።»

ሽማግሎቹ ገና ሳይፈርዱ ነው ይህን ያለው። በሳምንቱ ቦዩን ደፈነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእናትሽ ሰምተሻል። ያየሁትን ግን ልንገርሽ። በ2016 ሐምሌ ገብርኤል ዕለት፥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፥ ሰማዩ ተቀደደ። ቦይ ያጣው ጎርፍ በገነነ ቤት ጀርባ ተጠራቅሞ የጋጣውን ግድግዳ ገፋው። ሚስቱ ሥርጉት ጊደሯን ልትፈታ ገብታ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ጊደሯ ሞታለች፥ ሥርጉት ምሰሶው እግሯ ላይ ወድቆባታል። እኔና ገነነ ምሰሶውን አነሣንላት። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መኪና አልተገኘም፤ በቃሬዛ ወደ ጅጋ ወሰድናት። ከፊት የተሸከምነው እኔና እርሱ ነን፥ ትከሻ ለትከሻ። ያን ሁሉ መንገድ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረኝ፤ «ቀስ፥ ድንጋይ አለ» አለኝ።

እግሯ ጠምሞ ገጠመ። አሁን በዱላ ነው የምትሄደው።

አገሩ ሁሉ «የእግዜር ቁጣ ነው» አለ። እኔም አብሬ አልሁ።

መስከረም ላይ ማሳውን ለማየት ወረድሁ። ቦዩ ከተደፈነ ወዲህ ከገነነ ግቢ ጠብታ ውሃ አልገባበትም፤ እንደ እኔ አነጋገር ቢሆን ኖሮ ስንዴው ጥቁር አረንጓዴ መሆን ነበረበት። ስንዴው ግን እንዳለ ቢጫ ነው። ከአንዲት ጥግ በቀር። ያቺ ጥግ አምና ክትር የሠራሁባት መደብ ናት፤ ከቢጫው መካከል እንደ ተጣፈ ጨርቅ ለብቻዋ ለምልማለች። ከዚያ ወደ ቤት ወጥቼ እናትሽን ጠየቅኋት።

«እህተ ማርያም፥ ዘንድሮ አመዱን የት ነው የምትደፊው?»

«በአጥሩ ሥር ነዋ። ክትሩን ካፈረስኸው ወዲህ በጭቃ ማን ይወርዳል?»

«አምናስ?»

«አምናማ አንተው እያየኸኝ።»

የግብርና ባለሙያው አሸናፊ በዚያው ሰሞን መጥቶ ነበር፤ አፈሩን ወስዶ አስመረመረልኝ። «አባ ባንተአምላክ፥ መሬትዎ ኮምጥጧል፤ አሲዳማ ነው» አለኝ። «በዚህ አካባቢ ይህ ችግር ብዙ ነው፤ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ኖራ ይፈልጋል። አመድም በመጠኑ ያንኑ ሥራ ይሠራል።» ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ። በ2015 ሁለት ነገር አብሬ ለውጬ ነበር፤ ውሃና አመድ። ማሳው የመለሰልኝ ስለ አመዱ ነው፤ እኔ ግን ስለ ውሃው ነው የመለሰልኝ ብዬ ወንድሜን ከሰስሁበት።

ለእናትሽ ነገርኋት። «ሂድና ለገነነ ንገረው» አለችኝ።

«መጀመሪያ እርግጠኛ ልሁን» አልኋት። «ለከርሞ በኖራ ልፈትነውና እነግረዋለሁ።»

«እሱን ስትከስ እርግጠኛ ነበርህ?»

እንደዚያም ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ዝም አልሁ። «ልፈትን ነው» የሚለው ቃል ጥሩ መሸሸጊያ ሆነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥርጉት በዱላ ወደ ገበያ ስታዘግም አያታለሁ፤ «ደኅና ዋልሽ» እላታለሁ፤ «እግዜር ይመስገን» ትለኛለች፤ አልፋለሁ።

አምና ግንቦት ዶማዬን ይዤ ቦዩ ዘንድ ሄድሁና መቆፈር ጀመርሁ። በሁለተኛው ቀን ገነነ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቦዩን እየከፈትሁ።»

«በሽማግሌ ፊት የተዘጋውን?»

«እኔ ያዘጋሁትን።»

ትንሽ አየኝና ገባ። በሦስተኛው ቀን ሥርጉት በዱላዋ እየተደገፈች ወጥታ አንድ ጣሳ ውሃ አጥሩ ላይ አስቀምጣልኝ ተመለሰች። ጠጥቼ ጨረስሁትና ሥራዬን ቀጠልሁ።

ቦዩን የከፈትሁት ለሁለት ነገር ነው። አንዱ ቤቱ ሌላ ክረምት እንዳይመታ ነው። ሁለተኛው ለፈተናው ነው፤ ውሃው እንደ ድሮው በማሳው ሁሉ ላይ እኩል ይሂድ፥ እኔ ኖራውን ብቻ ልለውጥ ብዬ ነው። አሸናፊ ከቡሬ ኖራ አስመጣልኝ። ያንቺን ገመድ አውጥቼ ስምንት መደብ ለካሁ። ሁለት ብቻ ከሆነ አንዱ መደብ በራሱ ደኅና አፈር ቢሆንስ ብዬ ነው ስምንት ያደረግሁት። ለየትኞቹ ኖራ እንደምሰጥ ዓይኔ እንዳይመርጥ ስምንት ብጣሽ ወረቀት አጥፌ በአራቱ ላይ «ኖራ» ብዬ ጻፍሁና በባርኔጣዬ ውስጥ አደባልቄ እናትሽን አስወጣኋት። አንድ፥ አራት፥ አምስትና ስምንት ወጡ። አንድና ስምንት ከቦዩ አፍ አጠገብ ያሉ፥ ውሃ የሚተኛባቸው ናቸው። እኔ ብመርጥ ኖሮ አልመርጣቸውም ነበር።

«አመዴን ደግሞ የት ልድፋው?» አለች እናትሽ።

«ከማሳው ውጭ የፈለግሽው ቦታ።»

ያልሽኝ ነገር የገባኝ ያን ክረምት ነው። ለካ መለወጥ ቀላል ኖሯል። ነሐሴ ላይ ኖራ ያገኙት አራቱ ጎልተው ሲታዩ፥ አረም ስነቅል እጄ ወደ እነርሱ እየሄደ አስቸገረኝ። አንድ ቀን ኖራ በሌለው በሦስተኛው መደብ ላይ አረሙን ስነቅል ቶሎ ቶሎ እንዳለፍሁት ታወቀኝ። ደካማ ሆኖ እንዲቀር ልቤ ፈልጎ ነው። ተመልሼ እንደገና አረምሁት።

ኅዳር ላይ ስምንቱን ለየብቻ አጭጄ፥ ለየብቻ ወቅቼ፥ በስምንት ጆንያ አደረግሁ። በየጆንያው ላይ ቁጥር ብቻ ጻፍሁ። ሚዛን ላይ ሲደርስ ግን ቆምሁ። መዛኙ እኔ ነኝ፥ ጸሐፊው እኔ ነኝ፥ ምስክሩም እኔው ነኝ። ካቻምናም እንደዚያው ነበር።

ወደ ገነነ ግቢ ሄድሁ። ደጁን ስረግጠው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ያ የጎርፍ ቀን ካልተቆጠረ። ገነነ ቀንበር እየጠረበ ነበር፥ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ቀንበሩ ተመለሰ። ሥርጉት ናት «ይግቡ እንጂ፥ ደጅ አይቁሙ» ያለችኝ።

«ገነነ፥ የምነግርህ ነገር አለኝ» አልሁት። «ከመንገሬ በፊት ግን አንድ ሥራ ሥራልኝ። ስምንት ጆንያ ስንዴ አውድማው ላይ አለ። ሚዛኑን አንተ ያዝ፥ ቁጥሩንም አንተ ጻፈው።»

«እኔ በአንተ ስንዴ ምን አገባኝ?»

«የማትዋሽልኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ቀንበሩን ከግድግዳው አስደግፎ ተነሣ።

የትኛው ኖራ እንዳለው አልነገርሁትም። እርሱም አልጠየቀኝም። እየመዘነ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጻፈ። ስምንተኛውን ጨርሶ ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከተላቸው።

«አራቱ ከሃያ ሁለት ኪሎ በላይ ናቸው። አራቱ ከአሥራ ሦስት አያልፉም» አለ። «ምን አድርገህባቸው ነው?»

«ለአራቱ ኖራ ሰጠኋቸው። ለአራቱ ከለከልኋቸው። ከዚያ በቀር አንድ ናቸው።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው በሁሉም ላይ ሄዷል። ከሁሉ የሚበልጠው ስምንተኛው ያንተ ቦይ አፍ ላይ ያለው ነው።»

አውድማው ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው ውሃው አልነበረም» አለ።

«አልነበረም። ቦዩ ተደፍኖ እያለም ስንዴው ቢጫ ነበር።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

ልጄ፥ «ዛሬ» ልለው እችል ነበር። አጠገባችን ሌላ ሰው አልነበረም፥ ስንዴውም ገና አሁን ተመዝኖ ማለቁ ነው። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አምና መስከረም» አልሁት። ከዚያ የአመዱን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት። እናትሽን አይቼ ዝም ማለቴን፥ ለአንቺም «ምንም የለም» ማለቴን፥ አንቺ «ይድገሙት» ብለሽኝ አለመድገሜን።

«አምና መስከረም» አለ እርሱም። «ሥርጉት ዱላ ይዛ መነሣት የጀመረችበት ወር ነው።» ቀጥሎም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ኖራ እግሯን አያቃናውም፥ ባንተአምላክ። እዚህ ይቅር በለኝ አትበለኝ። ስሜን ያነሣህበት ቦታ ሄደህ በል።»

በኅዳር ጽዮን፥ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሳይበተን፥ ያኔ ጆንያዎቹን ካስቀመጥሁበት ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ተናገርሁ። ብዙ አላስረዘምሁም። ማሳዬ የታመመው በኮምጣጣ አፈር ነው፥ ወንድሜ አላጠፋም፥ ያቀረብሁት ማስረጃ አመድ የተነሰነሰበት ነበር፥ ይህንንም አውቅ ነበር አልሁ። ካንቺም ስም ጋር የተያያዘውን አነሣሁ፤ «ትሕትና ውሃው ነው አላለችም፤ ‘ይድገሙት፥ እስከዚያ ለአጎቴ ምንም አይንገሩት’ ነው ያለችኝ፤ እኔ ነኝ ስሟን ያለ ፈቃዷ ያቀረብሁት» አልሁ። ከኋላ አንድ ሰው «ለካ በአመድ ነው የፈረድን» ብሎ ሳቀ።

ቄስ ገብረ ሕይወት ጠየቁኝ። «ልጅህ ያን የሚለወጠውን ነገር ምን ብላ ነበር የጠራችው?»

«ነጻ ተለዋዋጭ ትለዋለች፥ አባ።»

«ውሃውን ነበር እንዲያ ያለችው?»

«ውሃውን ነው።»

«ተመልከት እንግዲህ» አሉኝ። «ስሙ ገና ከመነሻው ‘ነጻ’ ነው እያለህ ነበር፤ አንተ ነጻውን ይዘህ ከሰስህ።»

ሕዝቡ ቅኔውን ወደደው፤ እስካሁን በየጠላ ቤቱ ይደግሙታል አሉ። እኔና ገነነ ግን አልሳቅንም።

ሽማግሎቹ ጊደር በጊደር እንድተካ፥ የጋጣውንም ግድግዳ በድንጋይ እንድሠራ ወሰኑ። ዳማዋን ጊደር ሰጠሁ፤ ግድግዳውንም ሠርቼ ጨርሻለሁ። ስለ ሥርጉት እግር ሊወስኑ ሲሉ ግን እርሷ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«የእግሬ ነገር ከእኔና ከእርሳቸው እንጂ ከሽማግሌ ጋር አይደለም» አለች። ወደ እኔም ዞራ፥ «ዳገቱን እንስራ ተሸክሜ መውጣት አልችልም። ውሃ አንቱ ይቅዱልኝ። ሌላ ሰው እንዳይልኩብኝ፤ አንቱ ራስዎ ይቅዱ» አለችኝ።

«እስከ መቼ?» አላት አንዱ ሽማግሌ።

«እግሬ እስከሚቃና» አለች።

ስለዚህ ይኸው በየማለዳው አህያዋን እየነዳሁ ምንጭ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ ወረፋ ላይ ሲያዩኝ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር። አሁን ለምደውኛል፤ ወረፋም ያስቀድሙኛል፥ እኔ ግን አልቀድምም። ጀሪካኑን ደጃፏ አወርዳለሁ። ሥርጉት «ደኅና አደሩ?» ትለኛለች። ገነነ ካለ «ደኅና አደርህ» ይለኛል፤ ከዚያ አያልፍም። ማኅበሩም ገና አልተመለሰልኝም፥ እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬም ቀድቼ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

አሸናፊ ስንዴውን አይቶ ሄዷል። ገበሬው ሁሉ ኖራ አምጣልን እያለ አስቸግሮታል። ለከርሞ ሰብለና ሁለት ሌሎች ሰዎች በየማሳቸው እንደዚሁ ሊፈትኑ ገመዱን ከእኔ ተውሰዋል። ዕጣ ማውጣት አትርሱ፥ ሚዛኑንም ለማትወዱት ሰው ስጡ ብያቸዋለሁ። አንቺ ብትኖሪ የተሻለ ታስረጃቸው ነበር።

እናትሽ ባለፈው ወር ፍኖተ ሰላም ወርዳ ድምፅሽን ሰምታለች። ሳምንት ሙሉ ደስ ብሏት ሰነበተች። እኔም አብሬያት ወርጄ ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ነበር። «አባትሽ እዚህ አለ፥ ላቅርብልሽ?» ብትልሽ መስመሩ ተቋረጠ አለችኝ። መልሳ ደወለች፤ አልተነሣም። መስመሩ እንዲህ ነው፤ ይቋረጣል። አንቺ በዚህ እንዳታስቢ።

ብርድ እንዳይመታሽ ልበሺ። በጾሙ አትራቢ፤ ለተማሪ ይፈቀዳል። እንቁ በርበሬና ትንሽ ሽሮ ይዛልሻለች፤ የእናትሽ እጅ ነው።

የአባቶችሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ፤ የምትመዝኚውን ሁሉ በእውነት መዝነሽ በደስታ ለመግባት ያብቃሽ። የእናትሽ ምርቃት ካንቺ ጋር ይሁን፤ የእኔም፥ ከተቀበልሽው።

አባትሽ
ባንተአምላክ

ከዚህ ጋር የታጠፈው ወረቀት አጎትሽ በአውድማው ላይ የጻፈው ነው። ደብዳቤ እንደምልክልሽ ሲሰማ ዛሬ ጠዋት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ስምንቱ ቁጥር አለበት። ከቁጥሩ በታች ለአንቺ የጻፈው ነገር አለ፤ አላነበብሁትም።